የቴስት ክሪኬት ቀን በመጨረሻ ውጤቱ ብቻ አይነገርም

ይድረስ ለዋና አዘጋጁ፤

በስፖርት ገጻችሁ ላይ የክሪኬት ዜና ብቅ ማለት መጀመሩ አስደስቶናል። አንባቢም አለው። ዱባይና ዶሃ ከህንዶች፣ ከፓኪስታኖችና ከስሪላንካዎች ጋር የሚሠራው ወገናችን በእረፍት ሰዓቱ አጠገቡ የሚሰማው ወሬ ይኸው ነው፤ የዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት ዋና ጽሕፈት ቤትም እዚያው ዱባይ ነው። ለንደን ወይም ሜልበርን ፉትስክሬይ የሚያድጉ ልጆች ደግሞ ጨዋታውን ከትምህርት ቤት ይዘውት ወደ ቤት ይገባሉ። ቅሬታችን በአዘጋገቡ ላይ ነው። አምስት ቀን የሚፈጀው የቴስት ግጥሚያ «ህንድ አውስትራሊያን በ3 ዊኬት አሸነፈች» ተብሎ በሁለት መስመር ሲዘጋ፣ ጨዋታውን የማያውቅ አንባቢ ምንም አይገባውም፤ የሚያውቀው ደግሞ የሚፈልገውን ሳያገኝ ገጹን ይገለብጣል።

ዘጋቢዎቻችሁ የ10,000 ሜትር ሩጫ ሲጽፉ ያሸናፊውን ስም ብቻ አይነግሩንም። የመጀመሪያው 5,000 በስንት ደቂቃ እንደታለፈ፣ ማን በስንተኛው ዙር ፍጥነት እንደጨመረ፣ የመጨረሻው 400 ሜትር በስንት ሰከንድ እንደተሮጠ ይዘረዝራሉ፤ አንባቢውም ሩጫውን በዓይኑ ያየ ያህል ይከተላል። የቴስት ቀንም በዚያው ትጋት ሊጻፍ ይችላል። የሚያስፈልገው ብዙ ቦታ አይደለም፤ የትኞቹ ቁጥሮች መመዝገብ እንዳለባቸው ማወቅ ብቻ ነው።

ሥርዓቱን በአጭሩ እናስቀምጥ። በቀን ቢያንስ 90 ኦቨር እንዲወረወር ደንቡ ያዛል፤ አንድ ኦቨር ስድስት ኳስ ስለሆነ ቀኑ 540 ኳስ ነው። ቀኑ በሦስት የሁለት ሰዓት ክፍለ ጊዜዎች ይከፈላል፤ ከመጀመሪያው በኋላ የ40 ደቂቃ ምሳ፣ ከሁለተኛው በኋላ የ20 ደቂቃ ሻይ አለ። ኦቨሩ በሰዓቱ ካላለቀ ግማሽ ሰዓት ሊጨመር ይችላል። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ኢኒንግስ፣ ማለትም ሁለት የመምታት ተራ አለው፤ በመምታት የሚቆጠረው ነጥብ ራን፣ የአንድ መቺ መውጣት ደግሞ ዊኬት ይባላል፤ አሥር መቺዎች ከወጡ ተራው ያበቃል። በአራተኛውና በመጨረሻው ኢኒንግስ የሚመታው ቡድን ዒላማውን፣ ማለትም ለማሸነፍ የሚያስፈልገውን ራን፣ ከሞላ ያሸንፋል፤ አሥሩንም ዊኬት ቀድሞ ካጣ ይሸነፋል፤ ከሁለቱ አንዱም ሳይሆን የአምስተኛው ቀን ጊዜ ካለቀ ግጥሚያው ያለ አሸናፊ ይዘጋል። ይህ ሦስተኛ መውጫ ባለበት ጨዋታ፣ የተቆጠረውን ራን ብቻ መጻፍ ማን ማንን እያስጨነቀ እንደሆነ አይናገርም።

ስለዚህ በማንኛውም ሰዓት የጨዋታውን ሁኔታ የሚያሳዩት አራት ነገሮች ናቸው፦ የቀረው ራን፣ የቀረው ዊኬት፣ የቀረው ኦቨርና የኳሷ ዕድሜ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንዳንዴ ይጻፋሉ። አራተኛውን ግን ሁሉም ይዘለዋል፤ ቀኑን የሚያዞረው ብዙ ጊዜ እሱ ሆኖ ሳለ።

የቴስት ኳስ ከ156 እስከ 163 ግራም የምትመዝን፣ ውስጧ ቡሽ የሆነ፣ በቀይ ቆዳ የተለበጠች ናት። ወገቧን የሚዞር ስፌት አላት። አዲስ ስትሆን ስፌቱ ጎልቶ ይቆማል፣ ቆዳው ያንጸባርቃል፣ ገላዋም ጠንካራ ነው። በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ስትወረወር መቺው ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ብቻ ይፈጅባታል፤ በዚያች ቅጽበት ውስጥ በአየር ላይ ከታጠፈች ወይም ስፌቷ መሬት ነክቶ አቅጣጫ ከቀየረች የባቱን፣ ማለትም የመምቻውን፣ ጠርዝ ነክታ ከመቺው ጀርባ ወደሚቆመው ዊኬት ጠባቂ ወይም አጠገቡ ወደሚቆሙት የስሊፕ ያዦች ትሄዳለች፤ መሬት ሳትነካ ከተያዘች መቺው ይወጣል። አውስትራሊያ የሚጠቀሙበት የኩካቡራ ኳስ መሃል ያሉት ሁለት የስፌት መስመሮች ብቻ በእጅ ስለሚሰፉ፣ ሌሎቹ ደግሞ በማሽን ስለሚሠሩ፣ ከ20 እስከ 30 ኦቨር በኋላ ስፌቱ ይተኛል፤ ኳሷም ትለሰልሳለች። እንግሊዝ የሚሠራበት የዱክ ኳስ ስድስቱም መስመር በእጅ የተሰፋ በመሆኑ ረዘም ላለ ጊዜ ይታጠፋል። ህንድ ውስጥ የሚወረወረው ኤስጂ የተባለው ነው። ከ80 ኦቨር በኋላ የወርዋሪው ቡድን አምበል አዲስ ኳስ መጠየቅ ይችላል። እንግዲህ አውስትራሊያ ውስጥ የሚካሄድን ቴስት የሚከታተል ሰው ሁለት አደገኛ ወቅቶችን አስቀድሞ ምልክት ያደርጋል፦ የመጀመሪያዎቹን 20 ኦቨሮች፣ ከዚያም ከ80ኛው ኦቨር ጀምሮ ያሉትን።

ማሳያ ይሆን ዘንድ አንድ ቀን እንውሰድ፤ ጥር 11 ቀን 2013 ዓ.ም.። እኛ ጋ ጥምቀት ነበር። ብሪዝበን ላይ፣ በጋባ ስታዲየም፣ የአውስትራሊያና የህንድ አራተኛ ቴስት አምስተኛ ቀኑን ይዟል። ከዚያ በፊት አውስትራሊያ አደላይድ ላይ፣ ህንድ ሜልበርን ላይ አሸንፈው፣ ሲድኒ ላይ ያለ አሸናፊ ተለያይተው ተከታታዩ 1 ለ1 ነበር። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1988 በዌስት ኢንዲስ ከተረታች ወዲህ እስከዚያ ዕለት በጋባ በቴስት ተሸንፋ አታውቅም ነበር። በመጀመሪያው ኢኒንግስ አውስትራሊያ 369፣ ህንድ 336 አስመዘገቡ፤ አውስትራሊያ በሁለተኛው 294 ስትጨምር የህንድ ዒላማ 328 ሆነ። በዚያ ሜዳ እስከዚያ ዕለት በአራተኛ ኢኒንግስ ተሞልቶ የሚያውቀው ትልቁ ዒላማ 236 ነበር።

የህንድ ቡድን በጉዳት ተራቁቶ ነበር። ቡምራ፣ አሽዊን፣ ጃዴጃ፣ ሻሚና ኡሜሽ ያዳቭ አልተሰለፉም፤ አምበሉ ቪራት ኮህሊም ልጅ ሊወለድለት ከአደላይዱ ግጥሚያ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሷል። በብሪዝበን የወረወሩት አምስቱ፣ ሲራጅ፣ ናታራጃን፣ ታኩር፣ ሳይኒና ሱንዳር፣ ከዚያ ግጥሚያ በፊት የተጫወቷቸው ቴስቶች ሲደመሩ 4 ብቻ ነበሩ። በሌላው ወገን የአውስትራሊያ አራቱ ወርዋሪዎች፣ ስታርክ፣ ሄዝልውድ፣ ከሚንስና ላየን፣ በአንድነት ከ1,000 በላይ ዊኬት የወሰዱ ናቸው። ይህን ሚዛን ያልጻፈ ዘገባ ቀሪውን ሁሉ ቀለም ያሳጣዋል።

የሁለተኛው ቀን የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ በዝናብ ስለጠፋ የቀሩት ቀናት ቀደም ብለው ይጀምሩ ነበር። በአራተኛው ቀን ማታ ህንድ 11 ኳስ ተጫውታ ያለ ዊኬት 4 ራን ይዛ ዝናብ አቋረጣት። በአምስተኛው ቀን ጠዋት መዝገቡ የሚያሳየው እንግዲህ ይህን ነው፦ 324 ራን ይቀራል፣ አሥሩም ዊኬት አለ፣ 98 ኦቨርና አንድ ኳስ ይቀራል፣ ኳሷ አዲስ ናት። በኦቨር ከ3.3 ራን በላይ ማለት ነው። ኳሷ የምትነጥርበት መሬት፣ ፒቹ፣ ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቁን የነካች ኳስ አንዳንዷ ትዘላለች፣ አንዳንዷ ትንሸራተታለች። ያን ጠዋት ብዙ ተመልካች የጠበቀው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ የአውስትራሊያን ድል፣ ወይ ህንድ ቀኑን ሙሉ ተከላክላ ያለ አሸናፊ ማለቁን።

አዲሷ ኳስ ሥራዋን ወዲያው ጀመረች። ሮሂት ሻርማ በ7 ራን ከከሚንስ የመጣችውን ነክቶ በዊኬት ጠባቂው ቲም ፔን ተያዘ፤ ህንድ 18 ለ1፣ ማለትም 18 ራን በ1 የወደቀ ዊኬት። ከዚያ በኋላ ግን አደገኛው ወቅት ሌላ ዊኬት ሳይወድቅ አለፈ። የ21 ዓመቱ ሹብማን ጊልና ቼተሽዋር ፑጃራ እስከ ምሳ ቆዩ፤ 83 ለ1። ጠዋቱን ሙሉ የተቆጠረው 79 ራን ብቻ ስለሆነ በወረቀት ላይ ሲያዩት አውስትራሊያን የሚያስደስት ይመስላል። የኳሷን ዕድሜ ለሚያነብ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ ጠንካራዋ ኳስ በአንድ ዊኬት ብቻ አርጅታለች፣ ስፌቱም ተኝቷል።

ከምሳ በኋላ የሆነው የዚህ ቀጥተኛ ውጤት ነው። ጊል የስታርክን አጭር ኳሶች፣ ማለትም ከመቺው ርቀው መሬት ነክተው የሚዘሉትን፣ ወደኋላ ተደግፎ መምታት ጀመረ፤ ከአንድ የስታርክ ኦቨር 20 ራን ወጣ። ስታርክ ያን ቀን 16 ኦቨር ወርውሮ 75 ራን ሰጥቶ አንድም ዊኬት አላገኘም። ጊል በ146 ኳስ 91 አድርሶ በላየን ኳስ ስሊፕ ላይ በስሚዝ ተያዘ፤ 132 ለ2። ከፑጃራ ጋር 114 ራን አብረው ጨምረዋል።

ፑጃራ ለብቻው ይጻፍ። 211 ኳስ ተጋፍጦ 56 ራን ነው ያስመዘገበው፤ ሃምሳውን ለመድረስ 196 ኳስ ፈጅቶበታል፤ እስከዚያ ጊዜ ከሠራቸው ሃምሳዎች ሁሉ የዘገየው ነበር። በአጭር ዘገባ ላይ ስሙ ከጊልና በኋላ ጨዋታውን ከጨረሰው ከሪሻብ ፓንት በታች ይሰፍራል፣ አንዳንዴም ይዘለላል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ከተሰነጠቀው ፒች እየዘለሉ የሚመጡትን ኳሶች በባት ለመመከት ከመሞከር ይልቅ ብዙ ጊዜ በአካሉ ተቀበላቸው፤ የራስ ቁሩን፣ ክንዱን፣ ጣቱን፣ ጎኑን አሥር ጊዜ ያህል ተመታ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባትን ከፍ አድርጎ የዘለለች ኳስ መከላከል ጓንት ወይም ጠርዝ ነክታ ለአጠገብ ያዥ እንድትደርስ ያደርጋል፤ አካል ላይ ያረፈች ኳስ ግን ሕመም ብቻ ታተርፋለች፣ ዊኬት አትወስድም። በአንድ በኩል እሱ በመቆሙ በሌላው በኩል ያለው መቺ የመምታት ነጻነት አገኘ፤ ወርዋሪዎቹም ደከሙ። ከሚንስ ያን ቀን ከወረወራቸው 24 ኦቨሮች 10ሩ አንድም ራን ያልተገኘባቸው ነበሩ። የእነዚያ ዝም ያሉ ኦቨሮች አብዛኛው ሸክም ፑጃራ ላይ ነበር ያረፈው። 211 ኳስ ማለት ከ35 ኦቨር በላይ ነው።

አጂንክያ ራሃኔ በ22 ኳስ 24 መትቶ በከሚንስ ወጣ፤ 167 ለ3። ጊዜያዊው አምበል በዚያ ፍጥነት መምታቱና ቀጥሎ በተለመደው ተራ ማያንክ አጋርዋልን ሳይሆን ሪሻብ ፓንትን መላኩ ህንድ የምትሻው ድልን እንደሆነ ያሳወቀ የመጀመሪያ ምልክት ነበር። ፓንት ግራኝ ነው፤ ወደኋላ የማይል መቺ። ለግራኝ መቺ የላየን ኳስ ወደ ውጭ ትሽከረከራለች፤ በወርዋሪዎች ጫማ የተቆፈረው ሸካራ መሬትም እዚያው ላይ ነው ያለው። ስለዚህ አደጋው እውነተኛ ነበር፤ ፓንት ወደፊት ወጥቶ ሲስት ፔን ከመቺው ጀርባ የተተከሉትን እንጨቶች አፍርሶ የማስወጣት ዕድል አግኝቶ ኳሷን መያዝ አቃተው። እንዲህ ዓይነት ያመለጠ ዕድል በቁጥር ሰንጠረዥ ላይ አይታይም። ዘገባው ካልያዘው ለዘላለም ይጠፋል።

ለሻይ ሲወጡ 183 ለ3። ዘጋቢያችሁ በዚያች ሰዓት ሊጽፈው ይችል የነበረውን እነሆ፦ «ብሪዝበን፣ 5ኛ ቀን፣ ሻይ፦ ህንድ 183 ለ3፤ ዒላማ 328። የቀረው 145 ራን፣ 7 ዊኬት፣ 37 ኦቨር። ኳሷ 63 ኦቨር አርጅታለች፤ አዲስ ኳስ ለመጠየቅ 17 ኦቨር ይቀራል። በክፍለ ጊዜው 100 ራን ተቆጥሮ 2 ዊኬት ወድቋል። ፑጃራና ፓንት እየመቱ ነው።» ይህ አርባ ቃል ገደማ ነው። ጨዋታውን በውል የማያውቅ አንባቢ እንኳ ሦስቱም መውጫዎች ክፍት እንደሆኑና ቀኑ የሚወሰነው ከ17 ኦቨር በኋላ እንደሆነ ይረዳል።

የሆነውም እንደዚያ ነው። 80ኛው ኦቨር እንዳለቀ አውስትራሊያ አዲሷን ኳስ ወሰደች፤ ከሚንስ በሁለተኛ ኳሱ ፑጃራን በኤልቢደብሊው አስወጣ፤ ኳሷ በእግሩ ባትቆም እንጨቶቹን ትመታ ነበር ማለት ነው። 228 ለ4። በ118 ኳስ 100 ራን ቀረ። አብዛኛው ቡድን እዚህ ላይ በሩን ዘግቶ ይከላከላል፤ ህንድ ግን ገፋች። አዲስ ኳስ ሁለት ባሕርይ እንዳላት መዘንጋት የለበትም፦ ዊኬት ትወስዳለች፣ ጠንካራ በመሆኗ ግን በደንብ ስትመታ ከባቱ ፈጥና ትሄዳለች፤ መቺውን ለማጥቃት ሲባል ያዦች ወደ ስሊፕ ስለሚሰበሰቡም ሩቁ ቦታ ባዶ ይሆናል። እስከ ፑጃራ መውጣት ድረስ ህንድ በ482 ኳስ 228 ቆጥራ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት 100 ኳሶች 101 ራን ቆጠረች።

አጋርዋል በ9 ወጣ፤ 265 ለ5። ያ የመጀመሪያ ቴስቱ የነበረው ዋሺንግተን ሱንዳር ገብቶ የከሚንስን አጭር ኳስ ለስድስት ራን ከሜዳ አወጣ፤ ከፓንት ጋር 53 ጨምረው 10 ራን ሲቀር በላየን ወደቀ፤ 318 ለ6። ሻርዱል ታኩር 3 ራን ሲቀር ተያዘ፤ 325 ለ7። ፓንት ሄዝልውድን ቀጥታ ወደ ፊት ለአራት ራን መትቶ ጨረሰው፤ 329 ለ7፣ በ97 ኦቨር፣ 18 ኳስ ብቻ ሲቀር። ራሱ በ138 ኳስ 89 ይዞ አልወጣም። 100ኛ ቴስቱን የተጫወተው ላየን 31 ኦቨር ወርውሮ ሁለት ዊኬት ብቻ አገኘ፤ በ399 ዊኬት ላይም ቆመ።

ለምን አውስትራሊያ በመጨረሻው ሰዓት ጉልበት አጣች? መልሱ ከስምንት ቀን በፊት ሲድኒ ላይ ነው ያለው። እዚያ የህንድ መቺዎች አሽዊንና ቪሃሪ ሁለቱም ተጎድተው ሳለ ከ40 ኦቨር በላይ ሳይወጡ ቆመው፣ አውስትራሊያ በአራተኛው ኢኒንግስ 131 ኦቨር እንድትወረውር አስገደዷት። እነዚያው አራት ወርዋሪዎች በአራቱም ቴስት ያለ እረፍት ተሰልፈዋል፤ በሲድኒ ማብቂያና በብሪዝበን መጀመሪያ መካከል ሦስት ቀን ብቻ ነበር። የአንድ ቀን ዘገባ የቀደመውን ግጥሚያ የኦቨር ብዛት በአንድ ሐረግ ቢያስታውስ አንባቢው ምክንያቱን ያገኘዋል።

አሁን ወደ ስህተቶቹ። ከውጭ ምንጭ ሲገለበጥ ደጋግመው የሚመጡት የሚከተሉት ናቸው፤ ለአርታኢው ጠረጴዛ ይጠቅማሉ ብለን እናምናለን።

አንደኛው የአጻጻፍ ቅደም ተከተል ነው። እንግሊዝና ህንድ ራኑን አስቀድመው 183/3 ይላሉ፤ አውስትራሊያውያን ዊኬቱን አስቀድመው 3/183 ይላሉ። ከሁለት ምንጭ እየወሰዱ ሳያስተካክሉ መጻፍ አንባቢን ያደናግራል፤ በተለይ 9/36 ዓይነት ቁጥር ሲመጣ። ይህ ደግሞ የታሰበ ምሳሌ አይደለም፤ በዚሁ ተከታታይ አደላይድ ላይ ህንድ በሁለተኛው ኢኒንግስ በታሪኳ ዝቅተኛ በሆነው 36 ራን ተዘግታለች። በሰንጠረዡ ላይ የሚታየው 36 ለ9 ነው፤ ሻሚ ክንዱን ተመትቶ መቀጠል ስላልቻለ አሥረኛው ዊኬት ሳይወድቅ ኢኒንግሱ አበቃ። «ዘጠኝ ዊኬት ብቻ ወድቆ ለምን ቆመ?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ መልስ ይገባዋል።

ሁለተኛው ነጥቧ ናት። 80.2 ኦቨር ማለት 80 ኦቨርና 2 ኳስ እንጂ ሰማንያ ከሁለት ዐሥረኛ አይደለም። ከ80.5 ቀጥሎ 81 ይመጣል። ይህን ቁጥር በቀጥታ በካልኩሌተር ያካፈለ ሰው በኦቨር የተገኘውን ራን ያዛባል። ትክክለኛው መንገድ ሁሉንም ወደ ኳስ መለወጥ ነው፦ 80 ጊዜ 6 ሲደመር 2፣ 482።

ሦስተኛው «በ3 ዊኬት» የሚለው ነው። ኋላ የመታው ቡድን ዒላማውን ሲሞላ ያልወደቁለት ዊኬቶች ይቆጠራሉ፤ ህንድ ሰባት አጥታ ስለነበር ሦስት ቀራት። ኋላ የወረወረው ቡድን ካሸነፈ ልዩነቱ በራን ይነገራል። አንድ ቡድን በሁለት ተራ የቆጠረው ተደምሮ የሌላው የአንድ ተራ ያህል ካልደረሰ ደግሞ በአንድ ኢኒንግስና በዚህን ያህል ራን ተሸነፈ ይባላል። «3 ለ0» ብሎ መጻፍ ፈጽሞ ስህተት ነው።

አራተኛው፣ ያለ አሸናፊ ማለቅና በራን እኩል መሆን የተለያዩ ውጤቶች ናቸው። የመጀመሪያው ጊዜ ሲያልቅ የሚመጣ የተለመደ ነገር ነው። ሁለተኛው ኋላ የሚመታው ቡድን ልክ እኩል ራን ላይ ሆኖ አሥረኛ ዊኬቱ ሲወድቅ ነው፤ በቴስት ታሪክ ሁለት ጊዜ ብቻ ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በ1960 እዚያው ብሪዝበን በአውስትራሊያና በዌስት ኢንዲስ፣ በ1986 ደግሞ ማድራስ ላይ በህንድና በአውስትራሊያ መካከል። ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት ትልቁን ብርቅ ከተራው ነገር ጋር ይቀላቅላል።

ከስም አጠገብ ያለችው ኮከብ ምልክትም አትጥፋ። 89* ሳይወጣ የቀረ መቺ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አይጽፈውም፤ የኦቨር ፍጥነት። በሰዓት 15 ኦቨር መወርወር ግዴታ ነው፤ ያጓደለ ይቀጣል። በዚያው ተከታታይ ሜልበርን ላይ አውስትራሊያ ሁለት ኦቨር በማጓደሏ ከዓለም የቴስት ሻምፒዮና 4 ነጥብ ተቀነሰባት። በዙሩ መጨረሻ ከ480 ነጥብ 332 ይዛ 69.2 ከመቶ ሆነች፤ ኒውዚላንድ ከ600 420 ይዛ 70.0 ከመቶ። አራቱ ነጥቦች ባይቀነሱ አውስትራሊያም 70.0 ሆና በሚቀጥለው መለያ፣ በአንድ ዊኬት በሚገኝ የራን ንጽጽር፣ ትቀድም ነበር። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሳውዝሃምፕተን ላይ ለፍጻሜ የቀረቡት ግን ህንድና ኒውዚላንድ ናቸው። ከምሳ በፊት ስንት ኦቨር እንደተወረወረ መመዝገብ ዝርዝር ማብዛት አይደለም፤ ዋንጫ የሚያሳጣ ነገር ነው።

በመጨረሻ ስለ ሰዓት። ለጋዜጣ ዝግጅት አመቺ የሆኑትና ያልሆኑት ተለይተው ይታወቃሉ። ብሪዝበን ከእኛ ሰባት ሰዓት ይቀድማል፤ ጨዋታው በተለመደው ሰዓት ሲጀመር እኛ ጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ሜልበርንና ሲድኒ በበጋቸው አንድ ሰዓት ስለሚጨምሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ይጀምራሉ፤ ሁሉም ረፋድ ላይ ያልቃሉ፤ ዱባይ ላለ አንባቢ አንድ ሰዓት ጨምሩበት። ህንድ ውስጥ ጠዋት 1 ሰዓት ተጀምሮ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ያበቃል፤ ለማግስቱ እትም ከሁሉ የሚመቸው ይህ ነው። ደቡብ አፍሪካ ረፋድ 5 ሰዓት፣ እንግሊዝ በበጋ ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይዘልቃል። የእንግሊዙን ቀን ሙሉ በሙሉ ጠብቆ ማተም ካልተቻለ የሻይ ሰዓቱን ሁኔታ በአራቱ ቁጥሮች አስፍሮ «እስከ ሻይ» ብሎ መጻፍ፣ የቀኑን መዝጊያ ደግሞ በቀጣዩ እትም ማስከተል ይቻላል። የቀኑ ሁኔታ ሳይጠቀስ «ጨዋታው ቀጥሏል» ከተባለ ግን አንባቢው ካለበት አይነቃነቅም።

ገጹን የሚያዘጋጀው ባልደረባችሁ ከላይ የሰፈረውን የሻይ ሰዓት ናሙና እንደ ቅጽ ይዞ በሚቀጥለው ቴስት ቢሞክረው፣ ለምሳ፣ ለሻይና ለመዝጊያ ሦስት አጫጭር አንቀጾች ይበቃሉ። ለአምስቱ ቀናት አሥራ አምስት አንቀጽ ማለት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ክሪኬትን የሚከታተሉ የጋዜጣችሁ አንባቢዎች